ጄምስ ኧርል ጆንስ፦ ድምፁን ሁሉም ያውቀዋል፤ ተዋናዩንስ?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ታዳሚዎች። አሜሪካዊው ተዋናይ ጄምስ ኧርል ጆንስ በ93 ዓመቱ ያረፈው በሴፕቴምበር 9 ቀን 2024፣ በእኛ ጳጉሜ 4 ቀን ነበር። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ያን ሰሞን ያነበብኩት የኀዘን ዜና ድምፁን በሰጠው በ«ስታር ዎርስ»ው ክፉ ሰው በዳርት ቬደር ይጀምርና በ«ላየን ኪንግ»ው አንበሳ በሙፋሳ ያበቃል። በመካከል ያለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የፈጀ የመድረክ ሕይወት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ጆንስ ከሁሉ በፊት የቲያትር ሰው ነው። ሲኒማ አብዝቶ የተጠቀመው በድምፁ ነው፤ ሙሉ ተዋናይነቱን የተረከበው መድረክ ነው። በ1931 ሚሲሲፒ ውስጥ አርካቡትላ በምትባል ቦታ ተወለደ። ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች ናቸው። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ይዘውት ወደ ሚሺጋን እርሻ ሲሄዱ አንደበቱ ተያዘ፤ ስምንት ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ውስጥ ድምፁ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ለመሆን አስቦ ገባና ቲያትር አጥንቶ ወጣ። በጦር ሠራዊቱ በመኮንንነት ካገለገለ በኋላ ኒውዮርክ ገብቶ፣ በጽዳት ሥራ እየተዳደረ ትወና ተማረ። በ1958 የኒውዮርክ ታላላቅ ቲያትሮች በሚገኙበት በብሮድዌይ፣ ኮርት ቲያትር ውስጥ፣ በፍራንክሊን ሩዝቬልት ታሪክ ላይ በተጻፈ ተውኔት ውስጥ የቤቱ አሳላፊ ሆኖ ጥቂት ቃላት ይናገር ነበር። በ1969 እና በ1987 በመሪ ተዋናይነት የብሮድዌይን ትልቅ ሽልማት ቶኒን ወሰደ። ያ አሳላፊ ሆኖ የቆመበት ኮርት ቲያትር ደግሞ በ2022 በስሙ ተሰየመ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ይህን ሰው በመድረክ ያያችሁት አላችሁ? ድምፁ ተዋናዩን ጋርዶታል በሚለው ትስማማላችሁ?

ውይይቱ እየረዘመ ስለሄደ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። አስተያየቴንም አልደበቅሁም።

መልስ 1። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉ አንድ ወንድም በሙሉ ልብ ተስማምተዋል፤ ርእሱ በመነሣቱም አመስግነዋል። ያከሉት ስለ መምህሩ ነው። ዶናልድ ክራውች የሚባሉ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ልጁ ስለ ግሬፕፍሩት የጻፈውን ግጥም አይተው፣ የራሱ መሆኑን እንዲያስረዳ ክፍሉ ፊት ቆሞ በቃሉ እንዲወጣው አዘዙት። ልጁ ሳይደነቃቀፍ ተወጣው። ወንድማችን በዚያች ቀን ከመንተባተብ ተፈወሰ ብለው ይደመድማሉ።

መልስ 2። የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሆነች እኅት በትሕትና አርማቸዋለች። ጆንስ ተፈወስኩ ብሎ አያውቅም፤ ከመንተባተቡ ጋር እየሠራ እንደኖረ ነው የሚናገረው። ምሳሌዋ እኔ ከጠቀስኩት ከ1958ቱ ተውኔት የተወሰደ ነው። አሳላፊው ሚስስ ሩዝቬልትን ጠርቶ እራት መቅረቡን መናገር ነበረበት፤ «ሚ» የምትለው ፊደል አንደበቱ ላይ ተጣብቃ እንዳስጨነቀችው ራሱ በኋላ አውስቶታል። ከሕፃናት ጋር ስትሠራ ይህን ታሪክ እንደምትነግራቸው ጽፋለች። ቃላቱን ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን እየመዘነ የሚያወጣበት መንገድ ከዚያ ትግል የመጣ ነው የሚለው ሐሳቧ ለእኔ አሳማኝ ነው።

መልስ 3። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ «ላየን ኪንግ»ን በቪዲዮ ካሴት ደጋግሞ እያየ እንዳደገ፣ ሙፋሳ ሲሞት ሁልጊዜ እንደሚያለቅስ፣ የባለ ድምፁን ፊት ግን በደንብ ያየው ሲሞት መሆኑን ጽፏል። አጭር ናት፤ ለክርክሬ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ከረር አለ። አንድ የፊልም ወዳድ፣ የድምፅ ትወናን ከትወና በታች ማድረግ ንቀት ነው ሲል ቆጣ ብሏል። የቬደርን ጥቁር ልብስ ለብሶ ካሜራ ፊት የቆመው እንግሊዛዊው ዴቪድ ፕራውስ ነው፤ ፊቱ አይታይም፣ ቃሉም በፊልሙ አልቀረም። ታዲያ ያንን ሁሉ ፍርሃት ማን አመጣው? ጆንስ ጥቂት ሰዓት በሠራበት ቀረጻ፣ በ7,000 ዶላር ክፍያ፣ አንድን ገጸ ባሕርይ ከባዶ ጭንብል ውስጥ አውጥቶታል ይላል። ሐቅ አለበት። እኔ ግን ያልኩት ሥራው ትንሽ ነው አይደለም፤ ሌላውን አስረሳ ነው።

መልስ 5። የመልስ 4ን ጸሐፊ የምትደግፍ እኅት አንድ ነገር ጨምራለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት የ«ስታር ዎርስ» ፊልሞች ስሙ በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ያልፈለገው ራሱ ጆንስ ነው፤ ራሱን እንደ ልዩ የድምፅ ቅንብር ነው የቆጠረው፤ ስሙ የገባው በ1983ቱ ሦስተኛ ፊልም ነው። ስለዚህ ዝናውን አሳድዶ አልያዘም ትላለች።

መልስ 6። ቲያትር ያስተምሩ የነበሩ አንድ አባት ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ ሞክረዋል፤ በእኔ ግምት ከክሩ ምርጥ መልሶች አንዱ ነው። ሲኒማ ጆንስን ያገኘው መድረክ ላይ ነው ይላሉ። በ1962 ጆሴፍ ፓፕ በሴንትራል ፓርክ የዴላኮርቴን ቲያትር በ«የቬኒሱ ነጋዴ» ሲከፍቱ ጆርጅ ሲ. ስኮት ሻይሎክን፣ ጆንስ የሞሮኮውን ልዑል ይጫወቱ ነበር። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ስኮትን ሊያይ መጥቶ ጆንስንም መረጠ፤ በ1964 በወጣው «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» የቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባ አድርጎ አሠራው። የመጀመሪያ ፊልሙ ይህ ነው። ከሴንትራል ፓርኩ ዝግጅት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1961፣ የዣን ዠኔ «ዘ ብላክስ» ከብሮድዌይ ውጭ ሲታይ ከሲስሊ ታይሰን፣ ከማያ አንጀሉ፣ ከሉዊስ ጎሴት ጋር በአንድ መድረክ ቆሟል። አባታችን ያን የተዋንያን ስብስብ ሲዘረዝሩ ደስታቸው ከጽሑፋቸው ይነበባል።

መልስ 7። በዋሽንግተን ደቡብ ምዕራብ፣ ከወንዙ ዳር ብዙም በማይርቅ ቦታ የሚሠራ ወንድም፣ በየቀኑ የሚያልፈው አሪና ስቴጅ የተባለው ቲያትር ቤት ከጆንስ ጋር ያለውን ታሪክ ሰፋ አድርጎ ተርኮታል። የሃዋርድ ሳክለር «ዘ ግሬት ዋይት ሆፕ» በ1967 መጀመሪያ የታየው እዚያ ነው። ታሪኩ በ1908 የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የጃክ ጆንሰን ነው፤ ነጭ ሴት በመውደዱ ሕግ ተጠቅሶ የተሳደደው ቦክሰኛ። ጆንስ ራሱን ተላጭቶ፣ እንደ ቦክሰኛ ሰልጥኖ ገባበት፤ ጄን አሌክሳንደር ከጎኑ ቆመች። ዘመኑን አስቡት፤ መሐመድ ዓሊ ዘመቻ አልሄድም ብሎ ቀበቶውን የተነጠቀው በዚያው በ1967 ነበር። ዓሊ ራሱ ተውኔቱን አይቶ የራሱን ታሪክ አግኝቶበታል። በ1968 ብሮድዌይ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ጆንስ ቶኒውን፣ ሳክለር የፑሊትዘር ሽልማቱን ወሰዱ። ወንድማችን የሚያሳዝነውን ክፍል አልዘለለውም፦ ተውኔቱን ያሳደገው አሪና ስቴጅ ከብሮድዌዩ ገቢ ምንም አልደረሰውም።

መልስ 8። ከመልስ 7 ተነሥቶ አንድ ሰው ጆንስ ከዚሁ ተውኔት በተሠራው የ1970 ፊልም ለኦስካር በመሪ ተዋናይነት የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው ሲል ጻፈ።

መልስ 9። ወዲያው እርማት መጣ፤ በትንሹም መረር ያለ። የመጀመሪያው ሲድኒ ፖይቲየር ነው፣ ጆንስ ሁለተኛው ነው፣ ከመጻፍ በፊት ማጣራት ይገባል የሚል። አራሚው ግን ጥሩ ነገር አስከትሏል፦ ያን ዓመት አሸናፊው መልስ 6 ላይ የተጠቀሰው ጆርጅ ሲ. ስኮት ነበር፤ ሽልማቱንም አልቀበልም አለ። በሴንትራል ፓርክ አብረው የጀመሩት ሁለት ሰዎች በአንድ የኦስካር ምሽት እንዲህ ተገናኙ።

መልስ 10። ክሩን ያናወጠው ይህ ነው። ስሙን ያልገለጸ ጸሐፊ ሁላችንንም ሰውየውን ታመልኩታላችሁ ብሎ ወቀሰን። የሚያነሣው የ1978ቱን «ፖል ሮብሰን» ነው። ጆንስ የዚያን ታላቅ ዘፋኝና የፖለቲካ ታጋይ ሕይወት ብቻውን በመድረክ ሲጫወት፣ የሮብሰን ልጅ ተቃወመ፤ ከ50 የሚበልጡ ታዋቂ ጥቁር አሜሪካውያንም ተውኔቱ ሮብሰንን አሳንሷል ብለው በጋዜጣ ተቃውሟቸውን አወጡ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ጆንስ ሕይወቱን ሙሉ ከትግል የራቀ ሰው ነበር ይላል።

መልስ 11። አንዲት እኅት በቁጣ መለሰች። ተውኔቱን የጻፈው ፊሊፕ ሄይስ ዲን እንጂ ጆንስ አይደለም፤ ሳያዩ የተቃወሙም ነበሩ፤ ጃክ ጆንሰንን በ1967 መጫወት ትግል ካልሆነ ትግል ምንድነው ትላለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ ግን መልስ 10 ያነሣው ጉዳይ የእውነት ስለተፈጸመ መነሣቱን አልጠላሁትም። በልጁ ቦታ ሆኜ ሳስበው፣ አባቴ በመድረክ አንሶ ሲታይ ዝም የምል አይመስለኝም።

መልስ 12። የመድረኩ አስተናባሪ ሁለቱም ሰዎች ስድብ ቀረሽ ቃላቸውን እንዲያነሡ፣ ክርክሩ በሥራው ላይ እንዲሆን አሳስቧል። አነሡ።

መልስ 13። ነገሩን ያበረዱት በ1990ዎቹ ቨርጂኒያ የገቡ አንድ እናት ናቸው። ቋንቋውን ገና ሳይለምዱ ስልክ ቁጥር ለመጠየቅ ሲደውሉ፣ ከመሥመሩ ማዶ አንድ ግርማ ያለው ድምፅ እንኳን ወደ ቤል አትላንቲክ በደህና መጡ ይላቸው ነበር። ባለ ድምፁ ጆንስ መሆኑን ያወቁት ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ሲነግራቸው ነው። የሲኤንኤንን ስም የሚጠራውም እሱ መሆኑን ሌሎች አስታውሰዋል። ብዙ ሰው ይህን መልስ ወዶታል፤ የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው መሰለኝ።

መልስ 14። ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ አገር ቤት ዞረ። አንድ አንባቢ የድምፅ ግርማ ከተባለ ወጋየሁ ንጋቱ አለ ብሎ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰፈሩ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር ጻፈ። በእሱም ላይ ትረካው የተዋናዩን የመድረክ ሥራ ጋርዶታል ይላል። ይህን ሐሳብ ለብቻው ክር ቢከፈትለት ይገባዋል፤ እዚህ በአንድ አንቀጽ የሚያልቅ አይደለም።

መልስ 15። ሌላው ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ «ኦቴሎ» አነሣና በዚያው ወደ ጆንስ መለሰን፤ ለዚህም ምስጋና ይድረሰው። ጆንስ ኦቴሎን ገና በወጣትነቱ ሚሺጋን ማኒስቲ ከተማ ካለው ትንሽ ቲያትር ጀምሮ ደጋግሞ ተጫውቶታል። ትልቁ የ1982ቱ የብሮድዌይ ዝግጅት ነው፤ ኢያጎ ሆኖ የቆመው ክሪስቶፈር ፕላመር ነበር።

መልስ 16። መምህሩ አባት (መልስ 6) ተመልሰው፣ ስለዚያ ዝግጅት እውነቱ ይነገር አሉ፦ ለቶኒ የታጨው ፕላመር ነው፣ ጆንስ አልታጨም። ኢያጎ ተመልካቹን በቀጥታ እያዋየ ልቡን ይሰርቃል፤ ኦቴሎ ክብሩን ይዞ መጠበቅ አለበት። ጆንስ የመረጠው ያን ዝግ ያለ ክብር ነው፤ ዋጋ አስከፍሎታል። ተዋናይ ለሆነ ሰው ይህ አንቀጽ ብዙ ያስተምራል።

መልስ 17። በ1987 ኒውዮርክ ተማሪ የነበሩ አንድ ሰው «ፌንስስ»ን በአካል አይተውታል። እስኪመጡ ስጠብቃቸው የነበሩት ምስክር እሳቸው ናቸው። ኦገስት ዊልሰን የጻፈው፣ ሎይድ ሪቻርድስ ያዘጋጀው ይህ ተውኔት ስለ ትሮይ ማክስን ነው፤ በጥቁሮች ሊግ ቤዝቦል የተጫወተ፣ ዘመኑ ሳይደርስለት ያረጀ፣ በ1950ዎቹ ፒትስበርግ ውስጥ ቆሻሻ በመሰብሰብ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው። ልጁ የአሜሪካን ፉትቦል መጫወት ሲፈልግ ይከለክለዋል። ልጁ ለምን ወደኸኝ አታውቅም ብሎ ሲጠይቀው፣ ትሮይ መውደድን ወደ ጎን ትቶ ማብላትና ማልበስ ግዴታዬ ነው ብሎ የሚመልስበት ቦታ አለ። እኚህ ሰው የጆንስ ድምፅ እዚያ ላይ ከፍ ይላል ብለው ጠብቀው ነበር። እሳቸው የሚያስታውሱት ግን አካሉን ነው፦ ወደ ልጁ መጠጋቱን፣ የሰውነቱን ክብደት፣ ልጁን የተጫወተው ኮርትኒ ቢ. ቫንስ ወደ ኋላ ማለቱን። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሲተነፍስ አይሰማም ነበር ይላሉ። ከአባታቸው ጋር ከተለያዩ ዓመታት ያለፋቸው ስለነበር፣ ያን ሌሊት ለአባታቸው ደብዳቤ መጻፋቸውንም ነግረውናል። በመነሻ ጽሑፌ ለማለት የፈለግሁት ይህንን ነው፤ ድምፁን ብቻ የሰማ ሰው ያንን አካል አላየም።

መልስ 18። የአባትና የልጅ ነገር ከተነሣ፣ አንዲት አንባቢ የጆንስ አባት ሮበርት ኧርል ጆንስም ተዋናይ እንደነበር፣ ጥለውት ስለሄዱ ልጅየው ያገኛቸው ካደገ በኋላ እንደሆነ፣ በኋላም በአንድ መድረክ አብረው እንደሠሩ አስታውሳለች። ትሮይን የተጫወተው ሰው ይህን ይዞ ነው የገባው።

መልስ 19። አንድ ወጣት የዴንዘል ዋሽንግተንን የ2016 የ«ፌንስስ» ፊልም ብቻ እንዳየ ጽፎ የቱ ይበልጣል ብሎ ጠየቀ። ዴንዘልም በ2010 በዚሁ ገጸ ባሕርይ ቶኒ ወስዷል። ጥያቄው ብዙ ሰው አፋጀ፤ ሁለቱንም ያየ ሰው ግን ከመልስ 17 ጸሐፊ በቀር አልተገኘም፤ እሳቸውም ማወዳደር አልፈለጉም።

መልስ 20። መልስ 4ን የጻፈው የፊልም ወዳድ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ቃሉ ለስላሳ ነው። አካሉን ፊልም አልተጠቀመበትም መባሉን አይቀበልም። «ከሚንግ ቱ አሜሪካ» ላይ የዛሙንዳን ንጉሥ የአንበሳ ቆዳ ለብሶ ሲገባ ያላየ የት አለ ይላል። ንግሥቲቱ ማጅ ሲንክሌር በ«ላየን ኪንግ» የሙፋሳ ሚስት የሳራቢ ድምፅ መሆኗንም ጠቁሟል። ንጉሡንስ እኔም እወደዋለሁ። ቢሆንም የዛሙንዳ ንጉሥ ከትሮይ ማክስን ጋር ሲተያይ ለአንድ ታላቅ ተዋናይ የእረፍት ሥራ ነው፤ «ክሎዲን»ን ቢጠቅስ ኖሮ ይበልጥ እቸገር ነበር። በዚያ የ1974 ፊልም ጆንስ ከዳይአን ካሮል ጋር ሆኖ ቆሻሻ የሚሰበስብ አፍቃሪ ሰው ይጫወታል፤ ሳቁ፣ ድካሙ፣ እፍረቱ ሁሉ ፊቱ ላይ አለ።

መልስ 21። የቴሌቪዥኑን ኤሚ፣ የሙዚቃውን ግራሚ፣ የፊልሙን ኦስካርና የቲያትሩን ቶኒ አራቱንም ሰብስቧል ወይ የሚል ክርክር ተነሣ። ሁለት ኤሚ በአንድ ዓመት በ1991፣ ግራሚ በ1977፣ ቶኒዎቹ ይታወቃሉ፤ ኦስካሩ ግን በ2011 የተሰጠው የክብር ሽልማት ነው። አንዱ አይቆጠርም አለ፤ ሌላው ይቆጠራል ብሎ ተሳደበ። አስተናባሪው ሁለት መልስ ሰርዟል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ቁም ነገር ሽልማቱን የተቀበለበት ቦታ ነው፦ ለንደን ውስጥ ከቫኔሳ ሬድግሬቭ ጋር ቲያትር ላይ ስለነበር፣ ቤን ኪንግስሊ እዚያው መድረኩ ላይ አምጥቶ ሰጠው።

መልስ 22። የሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለች እኅት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈችው ብዙ ያሳሰበን ነው። ጆንስ በሕይወት ሳለ የቬደር ድምፁ ከድሮ ቅጂዎች እንዲሠራ ፈቅዶ ፈርሟል፤ በ2022 ለወጣው ተከታታይ ፊልም ሥራውን የሠራው ሪስፒቸር የተባለ የዩክሬን ኩባንያ ነው፤ ሠራተኞቹ ጦርነት ላይ ሆነው። በ2025 ደግሞ ፎርትናይት የተባለው ጨዋታ ውስጥ ድምፁ ከተጫዋቾች ጋር እንዲያወራ ተደረገ። ቤተሰቡ ተስማምቷል፤ የተዋንያኑ ማኅበር ሳግ-አፍትራ ግን ሳያደራድሩን የሰው ሥራ በማሽን ተተካ ብሎ ክስ አቀረበ። እኅታችን ፈቃዱን ታከብራለች፤ በሌላ በኩል ያ ድምፅ የተገራው በመንተባተብ ትግል መሆኑን (መልስ 2) አስታውሳ፣ ትግሉን ያላለፈ ማሽን የሚያወጣው ነገር ያው ድምፅ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች።

መልስ 23። ለመልስ 22 አንድ ወንድም በደረቁ፣ ሰውየው ራሱ ከፈቀደ እኛ ምን አገባን ብሏል። የሚያገባን ይመስለኛል። በሕይወት ያሉት የድምፅ ተዋንያን የሚተዳደሩት በዚሁ ሥራ ነው።

መልስ 24። አንድ ተመልካች በ2015 «ዘ ጂን ጌም»ን በብሮድዌይ አይቷል። ጆንስ 84 ዓመቱ ነው፤ አብራው ካርታ የምትጫወተው ሲስሊ ታይሰን ናት፤ በ«ዘ ብላክስ» ከተገናኙ ከ54 ዓመት በኋላ። ሁለቱ ብቻቸውን ያን ሁሉ ምሽት ይዘውታል። ጆንስ ካርታውን በንዴት ሲወረውር የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ደንግጠው ነበር ይላል።

መልስ 25። የመጨረሻው እስካሁን ይህ ነው። መልስ 3ን የጻፈው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ከየት እንጀምር ብሎ ጠየቀ። መምህሩ አባት «ኪንግ ሊር»ን መርጠውለታል፦ በ1973 በሴንትራል ፓርክ የታየው፣ ራውል ሁሊያና ፖል ሶርቪኖ ያሉበት፣ በቴሌቪዥን የተቀረጸ። ጆንስ ያኔ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኖ ሽማግሌውን ንጉሥ ይጫወታል። ቀጥሎ የ1970ውን «ዘ ግሬት ዋይት ሆፕ» ፊልም፣ ከዚያ እኔ የጨመርኩትን «ክሎዲን»። ልጁ የሼክስፒር እንግሊዝኛ ስለሚከብደው፣ የ«ኪንግ ሊር»ን የአማርኛ ትርጉም የት እንደሚያገኝ ጠይቋል። የሚያውቅ ካለ ከታች ይጻፍለት።